ኑህ ያልጮኸበት መርከብ

ንጋት፣ መካነ ሰላም

ፀሐይ ሳትወጣ መናኸሪያ ደረስን። ልጄ ሰይድ ፌስታሌን ይዞ አጠገቤ ቆሟል። ሴት ልጁ ዘሀራ ዐረብ አገር ሞተች ከተባለ ክረምቱ አልፏል። ሽማግሌዎቹ «ሬሳ ባይኖርም በሩቅ ለሞተ የሚሰገድ ሶላት አለ፤ እንስገድላትና ለሐዘን ተቀመጡ» ቢሉ እምቢ አልኩ። ቤታቸው ስትሠራ የሞተችባቸው ሰዎች ሬሳዋን ይላኩ፤ እንዴት እንደሞተችም ይናገሩ። እስከዚያ እኔ ቤት ለቅሶ የለም።

አቀስታ የምሄደው ትርሲት የምትባል ልጅ ዘንድ ነው። ዘሀራ በነበረችበት ሕንፃ ውስጥ ሌላ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ በቅርቡ ተመለሰች። «ዘሀራ የምትወደውን ፊልም ላሳይዎት» ብላ ደወለችልኝ። ፊልም ተቀምጬ አይቼ አላውቅም። የልጅ ልጄ የወደደችውን ግን ማየት አለብኝ።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ደጋውን ይወጣል። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ከፍ ሲል ረጅሙ የጅባራ ተክል ጭጋግ ውስጥ ቆሟል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሾፌሩ ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው አመጣ።

«እማማ፣ ጠጋ ይበሉ፤ ሙቀት ነው።»

«አንተስ ለምን ወንበርህን አታካፍለውም? ከአራታችንም ሙሉ ሂሳብ ልትቀበል ነው አይደል?»

«ወላሂ እርስዎን የጫንኩ ቀን ትርፍ የለም!»

ሰው ሳቀ። ለሰውዬው ግን ተጠጋሁለት፤ ጥፋቱ የሾፌሩ እንጂ የሱ አይደለም።

ቀትር፣ አቀስታ

ትርሲት አቅፋኝ አለቀሰች። አንገቷ ላይ ማተብ አስራለች። ትኩስ የገብስ ዳቦና ሻይ አቀረበችና ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ፊልሙን ከፈተች። የሚሉትን እሷ ትነግረኛለች።

ዘመኑ ገና ያልመጣ ዘመን ነው። ምድር በውሃ ተጥለቅልቃለች። ሰዎች ከብቱንም አውሬውንም ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ወደ ከዋክብት በሚበር መርከብ ይሳፈራሉ።

«የኑህ መርከብ ነዋ!» አልኩ።

«አዎ፣ የኖኅ ነው። ካፒቴኑን ደግሞ ይዩት እማማ፤ ይሞትና በሦስተኛው ቀን ይነሣል። ያ የኛ ጌታ ምሳሌ ነው።»

«ሁለታችንንም አልረሱንም በይኛ።»

ትርሲት ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። የመርከቡ በር የሚዘጋው ከውጭ ነው። አንዲት ምግብ አብሳይ ልጅ ወርዳ ዘጋችላቸው፤ ውሃው ውስጥ ቀረች። መርከቡ ተነሣ። ውስጥ ያሉት በደስታ ይተቃቀፋሉ።

«ዘሀራ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ታቆመው ነበር» አለች ትርሲት። «‹ዞር ብሎ የሚያያት ሰው አለ?› ትልና ወደ ኋላ መልሳ ታየዋለች። ያን ያህል አይታውም ደግማ ትፈልግ ነበር።»

«አለ?»

«የለም።»

እስከ መጨረሻው አየሁት። የለም። ካፒቴኑ ሲሞት ሁሉም አለቀሰ፤ ለእሷ ግን ማንም አላለቀሰም። ደሜ ፈላ። ሼኾቹ ሲያስተምሩ የሰማሁት እንዲህ አይደለም። ኑህ አልሳፈርም ላለው ልጁ እንኳ፣ ማዕበሉ ሲመጣ «ልጄ ሆይ፣ ከኛ ጋር ተሳፈር!» ብሎ ጮኾለታል። ያ እምቢ ያለ ልጅ ነው። ይቺ ግን በር የዘጋችላቸው ናት። ፊልሙን የሠራው ሰው መርከቡን ወስዶ ጩኸቱን ትቶታል።

«ይኼ ፍርድ ነው?» አልኳት።

ትርሲት ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ፣ «ለዘሀራስ ማን ጮኸላት፣ እማማ?» አለች።

ዳቦውን አስቀመጥኩ። ለቅሶዋን የከለከልኩት እኔ ነኝ።

አመሻሽ፣ መካነ ሰላም

በመልስ ጉዞ ከማንም ጋር አልተከራከርኩም። ሰይድ መናኸሪያው ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

«ለሽማግሌዎቹ ንገር» አልኩት። «ነገ ይሰገድላት።»

«እማ፣ ሬሳዋ ይምጣ ስትይ አልነበር?»

«አሁንም ይምጣ እላለሁ። አሠሪዎቿን እስክሞት እጠይቃቸዋለሁ። ለቅሶው ግን የሷ ነው፤ ከነሱ መልስ ጋር አላስረውም።»

ፌስታሌን ሊቀበለኝ የዘረጋውን እጅ መለሰው። ሚኒባሱን ተደግፎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዘሀራዬ!» አለ። ወራጁም ተሳፋሪውም ዞረ። ለካ ይኼን ሁሉ ጊዜ የኔን ፈቃድ ሲጠብቅ ኖሯል።