እትዬ ካርቶንና የሰባት ሳምንቱ ቤት

እትዬ ካርቶን የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን አልተሳሳተም። በጦር ካምፑ የቤተሰብ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ የእሷ ጠረጴዛ ያለበት ጥግ እስከ መስኮቱ ድረስ በባዶ ካርቶን ተሞልቷል። ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ትለቅማለች፤ ባለሱቆቹም ለምደዋት ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ወደ ጓሮ ይገቡላታል። የሳሙና ካርቶን ቂጡ ቶሎ ይቀደዳል፣ የብስኩት ካርቶን ከልብስ ሌላ አይችልም፣ ለብርጭቆና ለድስት ደግሞ የዘይት ካርቶንን የሚያህል የለም። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስለሌለ፣ ጓዛቸውን ለሚጠቀልሉ የተዛዋሪ ወታደር ሚስቶች እሷ ታስተምራለች።

ለዚህ ሥራ የበቃችው ተምራ አይደለም፤ ተንከራትታ ነው። ባለቤቷ አስር አለቃ ነበር፣ ሾፌር። በጉልበቱ ሕመም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአስራ ስምንት ዓመት ውስጥ አስራ አንድ ቤት ቀይረዋል። መጋረጃዋ ለአንድም መስኮት ልክ ሆኖላት አያውቅም፤ ወይ ያጥራል ወይ መሬት ይጠርጋል። አንድ ልጇ አምስት ትምህርት ቤት ገብቶ በአራቱ ስለ አበባ ክፍሎች ተማረ። ክፍልፋይ የሚባለው ሂሳብ ግን እሱ ሲደርስ ወይ አልፏል፣ ወይ ሊጀመር ሲል የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይቀይራል። ሥራ ክቡር ነው፣ እሷም አታፍርበትም፤ መሐንዲስ መሆን ይፈልግ እንደነበር ከተነሳ ግን ወሬ ትቀይራለች።

በዚያ ሰሞን ከበላይ አካል አንድ ቀጭን መጽሐፍ መጣላት። «የዝውውር ጭንቀትን መቋቋም» ይላል ሽፋኑ፤ ውስጡ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ የምትተነፍስ ሴት ሥዕል አለበት። በአራት ቁጥር ማስገባት፣ በአራት መያዝ፣ በአራት ማስወጣት። በወሩ መጨረሻ ስንት ሚስቶች እንደተነፈሱ ሪፖርት ይላካል። እትዬ ካርቶን የታዘዘችውን አታጓድልምና ሴቶቹን ሰብስባ ሞከረችው። ሁለት እስኪቆጠር ሁሉም ጸጥ አሉ። ሦስት ላይ የመካኒኩ ሚስት ትንፋሿን ለቀቀችና፣ እኔ እንኳን ያጠረኝ ትንፋሽ ሳይሆን ጊዜ ነው አለች፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ካርቶንም አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ሳቋ ወደ ንዴት ተለወጠ፣ ምክንያቱም ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ትዳርና ልጆች፣ ጎረቤትና ትምህርት ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጠቅልለው መኪና ላይ ይውጡ ተብሎ፣ ተንፍሱ ይባላል።

ሰኞ ጠዋት የመገናኛ ክፍሉ የሃምሳ አለቃ ሚስት ወረቀት ይዛ መጣች። ባሏ ወደ አዲሱ ምድቡ ቀድሞ ሄዷል። እሷና ልጆቹ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ለቀው እንዲከተሉት ታዘዋል። ችግሩ ትልቋ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ የመልቀቂያ ፈተናው ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። የተመዘገበችው እዚህ ስለሆነ መፈተን የምትችለው እዚህ ብቻ ነው። ባለፈው ዝውውር ሰበብ አንድ ዓመት ደግማለች፤ ይህም ካለፋት ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ልትቀመጥ ነው።

«እትዬ፣ ብታለቅስልኝ ይሻለኝ ነበር» አለች እናትየዋ። «ዝም ብላ ደብተሮቿን ማሰር ጀምራለች።»

እትዬ ካርቶን ይህን ስትሰማ ክፍልፋይ ያመለጠው ልጇ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ለእንዲህ ያለው ደንብ አለ፤ ተፈታኝ ልጅ ያለው ቤተሰብ እስከ ፈተናው ቀን በቤቱ ይቆያል ይላል። ሲሠራበት ያየ ሰው ግን የለም፣ ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ነው። ቢሆንም ማመልከቻውን ጽፋ ቤቶችን ወደሚያስተዳድረው ሻምበል ሄደች። አራት ቀን እግሯ እስኪቀጥን ተመላለሰች። አንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን የለም፣ አንድ ቀን ደግሞ ፋይሉ መሳቢያ ውስጥ፣ የመሳቢያው ቁልፍ እረፍት የወጣ ጸሐፊ ኪስ ውስጥ። በአራተኛው ቀን አገኘችው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እናቴ፣ ማመልከቻው ትእዛዙ በወጣ በአስር ቀን ውስጥ መግባት ነበረበት» አላት።

«ትእዛዙ እጇ የገባው በአስራ ሁለተኛው ቀን ነው።»

«እሱን እንግዲህ መዝገብ ቤትን ነው መጠየቅ።»

«ሻምበል፣ ወታደር ትእዛዝ ይቀበላል፣ ደግ። ይቺ ልጅ ግን መቼ ተቀጠረች?»

ሻምበሉ ብዕሩን ያሽከረክር ጀመር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእሱም ልጆች እንደ ሻንጣ መዞር ሰልችቷቸው እናቱ ዘንድ ነው የሚያድጉት። ይሄ ነው ይበልጥ ያናደዳት። ክፉ ቢሆን ሰድባው ትወጣ ነበር፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ግን የሚሰደብ ሰው ጠፍቶ የሚበደል ብቻ ሞልቷል። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለዚያ ቤት እስካሁን የተመደበ ሰው እንደሌለ፣ ወሩ እስኪያልቅ ማንም ወረቀት ይዞ ካልመጣ እሱም አስወጪ እንደማይልክ ነገራት።

«እኔ አላየሁም፣ እርስዎም አልሰሙኝም።»

ከዚያ የሚሻል አታገኝም። ሮጣ ለእናትየዋ ነገረቻት፤ ሴትዮዋ የታሸገውን ካርቶን ከፍታ ድስቷን አወጣች፣ ልጅቷም ደብተሮቿን ፈታች። ሁለት ቀን በሰላም አለፈ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዕቃ የጫነ መኪና እዚያው ቤት ደጃፍ ቆመ። የአዲሱ የሕክምና ባለሙያ ሚስት፣ አንድ የታቀፈችውንና ሁለት የሚሮጡ ሕፃናት ይዛ ወረደች። በእጇ ማህተም ያረፈበት የቤት ወረቀት አለ። እትዬ ካርቶን ተጠርታ እያለከለከች ስትደርስ፣ ልጅ እግሯ እንግዳ ሰዎቹ በስሟ ሲጠሯት ሰምታ አወቀቻትና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ፣ በስልክ እንደነገርሽኝ ቀድሜ መጣሁ» አለቻት።

ነግራታለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ደውላ ስትጠይቃት፣ ለሁሉም የምትለውን ነው ያለቻት፤ ዝርዝር እስኪወጣ አትጠብቂ፣ ጓዝሽን ይዘሽ ነይና ወረቀቱን ራስሽ ከምደባ ክፍሉ ውሰጂ፣ ቤት የቀደመ ነው የሚይዘው። አስራ አንድ ጊዜ ተዛውራ ያገኘችው ጥበብ ይሄ ነበር። ለሚመጣው ስትመክር የሚወጣውን እየገፋች እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችውም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

አልደበቀችም፤ የሆነውን ሁሉ ለሁለቱም ሴቶች እዚያው ደጃፍ ላይ ተናገረች። የሃምሳ አለቃው ሚስት ረጅም ጊዜ አየቻት።

«አንቺ ነሽ?» አለቻት።

ልጅቷን የራሷ ቤት እንዳትወስዳት የእትዬ ካርቶን ቤት አንድ ክፍል ነው፣ እሱም ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ። መላውን ያመጣችው አዲሷ ሴት ናት። ልጆቼ ትንንሽ ናቸው፣ አንዷን ክፍል ለእሷ እለቃለሁ፣ እስክትፈተን ከእኔ ጋር ትሁን አለች። እናቷንና ወንድሟን ጨምሮ ግን ቤቱ አይበቃም። እናትየዋ፣ ልጄ ዕቃ አይደለችም የትም የማስቀምጣት ብላ እምቢ አለች፤ የባሏንም ስልክ ስትሞክር መስመሩ አይሠራም። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታ፣

«እማ፣ ሂጂ። እኔ እፈተናለሁ» አለች። ድምፅዋ የትልቅ ሰው ነበር፤ እናቷን ያስለቀሳትም እሱ ነው።

ሰኞ እናትየዋ ቁልፉን ፈርማ አስረከበችና ወንድ ልጇን ይዛ ሄደች። እትዬ ካርቶንና ልጅቷ መኪናው የካምፑን በር እስኪወጣ ቆመው ሸኙ። ሲመለሱ እትዬ ካርቶን በልቧ ሻምበሉን፣ መዝገብ ቤቱን፣ ደንቡን፣ ከሁሉም አስበልጣ ደግሞ የራሷን ምላስ ስትረግም ነበር። ተሳካልሽ ወይ ቢሏት፣ አዎ፣ ልጅቷ ልትፈተን ነው። ምንም ደስታ ግን አላገኘችበትም።

ቤቱ ጋ ደረሱ። በመስኮቱ ላይ የሌላ ሴት መጋረጃ ተሰቅሏል። ልጅቷ ሁለት ዓመት በእግሯ እየገፋች የገባችበት በር ፊት ቆማ ጫማዋን ጠረገች፣ ቦርሳዋን አስተካከለች፣ አንኳኳችም። ከውስጥ ሕፃን ያለቅሳል፤ የሰማት የለም።

እትዬ ካርቶን «ግቢ እንጂ፣ ቤትሽ አይደል?» ልትላት አፏን ከፈተች፤ ቤቷ አለመሆኑን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናትና አፍራ ዘጋችው።

ልጅቷ እንደገና አንኳኳች፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀስ ብላ።