ሱመያ የደበቀችው መፍቻ

መኪና ግርግር በሚባለው፣ ልብስ ሰፊዎች በየደጃቸው በተደረደሩበት የሐረር ጀጎል መንገድ፣ የስፌት መኪናው እምቢ ያለው ሁሉ «ሱመያን ጥሩልኝ!» ይላል። ሱመያ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። መፍቻ አያያዝ ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ እሳቸው ካለፉ ወዲህ የጥገና ሱቃቸውን የያዘችው እሷ ናት። የመኪናውን ድምፅ ሰምታ በሽታውን ትናገራለች። ጉራዋም የዚያኑ ያህል ነው፤ ግን ያምርባታል።

ባለፈው ዓመት የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። አዘጋጁ እጇን አየና፣ «ዘይቱን ታጠቢውና የባህል ልብስ ልበሺ፤ አለላ ስትሰፊ እንቀርጽሻለን» አላት። ሱመያ በዕድሜዋ አንድ ሙዳይ ሰፍታ አታውቅም። ግን እንግዳ ናቸው፤ የሐረር ሰው ደግሞ እንግዳን እምቢ ማለት ሞቱ ነው። ቤት ሄዳ መፍቻዋን መደቡ ላይ ካለው ትራስ ሥር ሸጎጠችና፣ አክስቷ ነጂባ የጀመሩትን ሙዳይ ታቅፋ ተቀረጸች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ፕሮግራሙ የተላለፈ ቀን ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ወላሂ፣ በወስፌው ብሎን ልትፈቺበት ነው እንዴ!» አሉ አክስት ነጂባ እንባቸውን እየጠረጉ። ያልሳቀችው የአሥራ ሦስት ዓመቷ የሱመያ እህት ፈርዶሳ ብቻ ነበረች። ከትምህርት ቤት መልስ ከሱቁ የማትጠፋውና ጥገና የምትለማመደው ልጅ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ቀረች።

«ምነው?» አለቻት ሱመያ።

«የክፍሌን ልጆች እህቴ የስፌት መኪና ትጠግናለች ስላቸው ውሸታም አሉኝ። የሐረሪ ሴት ሥራዋ አለላ ነው፣ በቴሌቪዥን አይተናል አሉ። ካላፈርሽበት መፍቻውን ለምን ደበቅሽው?»

ነገሩ ሱመያን ዓመቱን ሙሉ ሲያንገበግባት ከረመ።

ዘንድሮ እነዚያው ሰዎች ደወሉ። «ኑ፤ ግን ሱቅ ነው የምታገኙኝ» አለቻቸው። መጡ።

«ቀሚሱስ?» አለ አዘጋጁ።

«ቀሚሱ ለሠርግ ነው፤ ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ። አለላ ከፈለጋችሁ አክስቴ አሉላችሁ፣ አርባ ዓመት ሰፍተዋል። ስማቸውን ግን አስተካክላችሁ ጻፉ።»

አዘጋጁ ራሱን አከከ፤ ቀረጻው ተጀመረ። ፈርዶሳ በስንት ልመና መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሱመያ መፍቻውን ዘረጋችላት። ልጅቷ አመነታች፤ ከዚያ ተቀበለችና ከመኪናው ፊት በርከክ አለች።

«የኔ እመቤት፣ ፈቀቅ በይ፤ እህትሽን ጋረድሻት» አላት ካሜራ የያዘው።

ፈርዶሳ ቀና እንኳ አላለችም።

«የምጠግነው እኔ ነኝ» አለች።