ከጆሮዋ ኋላ

በደሉ ይህ ነው፤ የልጅ ልጄን አጥንት ሊከፍቱ ሲሉ፣ በየት እንደሚገቡና ለምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ጣትዎን ቀለም ይንከሩ አሉኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። የስድስት ዓመቷ ልጅ ቀኝ ጆሮ ሁለት ክረምት መግል ሲያፈስ ቆይቶ ከኋላው አበጠ። ሀቢቾ የሚባል የምናውቀው የባህል ሐኪም፣ «በጋለ ብረት ካልተተኮሰ አይድንም» አለኝ። ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ጠባሳው ተረፋት፤ መግሉ አልደረቀም። ሁለተኛ ሳልጠይቅ እሺ እንደማልል ያን ጊዜ ማልኩ።

ከአዲስ አበባ የጆሮ ሐኪም ሆሳዕና ሆስፒታል መጥቷል ሲባል ይዣት ሄድኩ። ፀጉሯን በቀኝ በኩል፣ ከጆሮዋ ኋላ ላጩት። ነርሷ የፈቃድ ወረቀትና የቀለም ሣጥን አመጣች።

«ጣትዎን እዚህ ያድርጉ፣ እማማ።»

«ለምን ከኋላ ትቀደዳለች?»

«ቢነግሩዎትም አይገባዎትም።»

አማርኛዬ የሃዲያ ቃና ስላለው ጭንቅላቴም የደነዘዘ መስሏታል።

«እንግዲያው አላደርግም።»

«ተራዎ ያልፋል።»

«ይለፍ።»

እንቅርት ያለበት ሰውዬ በተራችን ገባ። ልጅቷ በተላጨ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ተኛች። እልሄ ጆሮዋን ቢያሳጣትስ ብዬ ፈራሁ፤ ግን አልተነሣሁም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ራሱ ወጣ። «እምቢ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ጆሮዋ በር አለው። ከጓሮ የሚገባ ሌባ ነው።»

ሳቀና አጠገቤ ተቀመጠ። «የፊቱ በር ለእጄ ጠባብ ነው፣ እማማ። እስቲ ከጆሮዎ ኋላ ያለውን አጥንት ይዳስሱ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ክፍት ክፍት ነው። መግሉ የተደበቀው እዚያ ነው።»

«መንገድ ላይ ምን አለ?»

«ፊቷን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ። ከነካሁት ፊቷ ይጣመማል። ስለዚህ አጥንቱን ቀስ እያልኩ ነው የምፍቀው።»

ነርሷ፣ «እንዳይፈሩ ብለን ነው ያልነገርናቸው» አለች።

«ፍርሃቱ የኔ ነው፤ ስጡኝ» አልኳት። የቀለሙን ሣጥን ገፍቼ እስክሪብቶ ጠየቅሁ። በመሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ስሜን፣ ፊደል በፊደል፣ ጻፍኩት።

በማግስቱ ማለዳ አስገቧት። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሐኪሙ ሲወጣ፣ «ትሰማለች ወይ?» አልኩት።

«መግሉን ጠርጌ አውጥቻለሁ። እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለው መስሚያዋ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው፤ የተጎዳ አይመስለኝም። ስትነቃ ያስቋትና ፊቷን ይዩ። ቁስሉ ሲደርቅ ደግሞ በቀኟ በኩል ሆነው ይጥሯት፤ እኔ ትዞራለች ባይ ነኝ። ካልዞረች ይምጡና ይጠይቁኝ፤ እመልስልዎታለሁ።»