የጎጆው ሻወር ቤት

የመጀመሪያ ቀኔ ሰኞ ነበር። አምቦ ያለው ትምህርት ቤታችን ለክረምት ተዘግቷል። እኔ የሒሳብ መምህርቷ የጎማ መዶሻ፣ ውሃ ልክ፣ ሲባጎና ባለ ካሬ ደብተር ይዤ ሴራሚክ ማንጠፍ ልማር ኦቦ ደገፋ ፊት ቆምኩ። ኦቦ ደገፋ ሃያ ዓመት ያነጠፉ ባለሙያ ናቸው። ደብተሩን አይተው፣ «ባርሲስቱ፣ ሴራሚክም ፈተና አለው እንዴ?» አሉኝ። ባርሲስቱ በኦሮምኛ መምህርት ማለት ነው። ስሜ በዚያው ቀረ።

አንድ ክፍል ማዕዘኑ ትክክል መሆኑ እንዴት እንደሚታወቅ ላስረዳቸው ተነሳሁ፤ ከፓይታጎረስ ጀመርኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ከጥጉ ተነስተው በአንዱ ግድግዳ ሦስት ሜትር፣ በሌላው አራት ሜትር ላይ ምልክት አደረጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሲለኩ ልክ አምስት ሜትር ሆነ፤ ማዕዘኑ ትክክል ነው።

«ያ ሰውዬ ማን ነበር ያልሽኝ?» አሉ። «የት ሳይት ነው የሠራው?»

ቀጥሎ ማዳመጥ ተማርኩ። የተነጠፈ ሴራሚክ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ከሥሩ ማጣበቂያ ካልደረሰው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ለሁለት ሳምንት ቤታችን ውስጥ ያልመታሁት ዕቃ የለም። እናቴ ሳህኖቿን ደበቀችብኝ።

ሐምሌ ላይ ለሥራ ጎጆ ወደምትባለው ከተማ ሄድን፤ የነርሷ የአዴ ጫልቱ አዲስ ቤት ነበር። ኦቦ ደገፋ በጠዋት፣ «ሻወር ቤቱን ብቻሽን አንጥፊ» አሉኝ። «ከሆነልሽ ነገ ሳሎኑን አብረን እናነጥፋለን። ካልሆነ ክረምቱን ሙሉ ሲሚንቶ ታቦኪያለሽ።»

በብርዱ አላበኝ። እያንዳንዱን ሴራሚክ በአራቱም አቅጣጫ በውሃ ልክ አየሁ፤ በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። ስጨርስ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።

ኦቦ ደገፋ አንድ ልማድ አላቸው። ማጣበቂያው ሳይደርቅ የቤቱ ባለቤት ከበሩ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ያፈሳል። አዴ ጫልቱ አፈሰሱ። ውሃው መሃል ላይ ተኛ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እግራችን መጣ።

«ይሄ ወንጪ ሐይቅ ነው እንዴ?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ጀልባ ልግዛ?»

«ግን እኮ ፍጹም ልክ ነው!» አልኩ።

«እሱ ነው ችግሩ» አሉ ኦቦ ደገፋ። «የውሃ መውረጃው እዚያ ጥግ ነው። ውሃው ማን ገፍቶት ይሂድ?»

ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ፤ እጃቸውን አላስገቡም። እየሳቅኩ፣ ትንሽም እያለቀስኩ፣ ሳይደርቅብኝ ሁሉንም አነሳሁ። ሲባጎውን ከበሩ እስከ መውረጃው ሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ ወጠርኩና እንደገና አነጠፍኩ።

አመሻሹ ላይ አዴ ጫልቱ ሁለተኛውን ጆግ አፈሰሱ። ውሃው የመውጫ ደወል እንደሰማ ተማሪ እየተጋፋ ወደ ጥጉ ሮጠ። አዴ ጫልቱ እልል አሉ። ኦቦ ደገፋ ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ።

በማግስቱ ሳሎን ገባን። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ያዙና ሌላውን ወረወሩልኝ።

ሻወር ቤት ስታነጥፉ መጀመሪያ መውረጃው የት እንዳለ እዩ። ውሃ ልኩን የምታወጡት ከዚያ በኋላ ነው።