አባቴን ቅርስ ላሳይ የወሰድኩበት ቀን

ይህች ከተማ ለእንግዳ የምታሳየው ነገር አጥታ አታውቅም። መናፈሻው፣ ፏፏቴው፣ በጠራራ ፀሐይ የሚበራው መብራት፤ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ይህን ሳያዩ እንዳይሄዱ ይለኛል። ማን እንግዳ እንደሚባል የገባኝ ግን አባቴን ይዤ የወጣሁ ቀን ነው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አባቴ ከላስታ የመጡት ለዓይናቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅሌት የቆሙ መሪጌታ ናቸው። ቦሌ ያለው ሐኪም መረመራቸውና፣ እሳቸው እዚያ እንደሌሉ ሁሉ፣ ወደ እኔ ወደ ሴት ልጃቸው ዞሮ «ግላኮማ ነው፤ ዘግይተዋል። የቀረችውም ብዙ አትቆይም» አለኝ። አባቴ ሰምተዋል። ደረጃውን ስንወርድ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

«ልጄ፣ እንግዲያው አንድ ጊዜ ዳዊት በዓይኔ ልድገም።»

በደረት ኪሳቸው የምትኖረው የማተሚያ ቤት ዳዊት ፊደሏ ከጠፋባቸው ዓመት አልፏል። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣ እዚያው ቦሌ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የተከፈተውን የቅርስ ማሳያ አሰብኩ። ፊደሉ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ የብራና ዳዊት እንዳለ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነግራኝ ነበር።

በር ላይ መቋሚያቸውን ነጠቁን። ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው ተባለ። ገብተን መጀመሪያ ያየነው ምን ነበር? በመስታወት ሣጥን ውስጥ በክብር የቆመ መቋሚያ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ፤ አባቴ ግን ሳቁ። «የእኔንም እዚህ ቢያስገቡት ምናለ» አሉ።

ዳዊቱ ከአዳራሹ መጨረሻ ተዘርግቶ ነበር። ዳዊት በዐሥር በዐሥር መዝሙር ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ንጉሥ ይባላል። ንጉሥ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ አያቆምም፣ መሃል ላይም ከሰው ጋር አያወራም። ይህን አገራችን ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ገጹ ደግሞ ልክ የንጉሡ መነሻ ላይ ነበር የተገለጠው። አባቴ ጫማቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብለው ቀስ እያሉ ማንበብ ጀመሩ።

«አባባ፣ ወደ ኋላ በል» አለ ጥበቃው። አባቴን አንተ አላቸው። አልመለሱለትም፤ እንዴት ብለው ይመልሱ?

«አትሰማም እንዴ? እዚህ ጸሎት ቤት አይደለም።»

ከሣጥኑ ወዲያ ማዶ ፈረንጆች ክርናቸውን እዚያው መስታወት ላይ አስደግፈው ፎቶ ያነሳሉ። አስጎብኚያቸው ጠጋ በሉ እያለ ፈገግ ይልላቸዋል።

«እነሱስ?» አልኩት ጥበቃውን።

«እነሱ ጎብኚዎች ናቸው» አለኝ።

መጮህ ነበረብኝ። ከዚህ ሁሉ ሰው መጽሐፉን ማንበብ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው ማለት ነበረብኝ። ሰው ግን ዞሮ ያየን ጀመር፤ አንዱ ስልኩን ወደ ባዶ እግራቸው አዞረ፤ እኔም አፈርኩ። ጫማቸውን አነሳሁና ክንዳቸውን ያዝኩ። «ይበቃል አባባ፣ ሰው እያየን ነው» አልኳቸው። ጥበቃው በእጁ አልነካቸውም፤ የጎተትኳቸው እኔ ነኝ። አፋቸው ላይ የነበረውን ቃል ሳይጨርሱ ዝም አሉ።

ቦሌ አራብሳ እስክንደርስ ታክሲው ውስጥ ጥበቃውን ስረግም፣ አስጎብኚውን ስረግም መጣሁ። ለራሴ ግን አንድም እርግማን አላተረፍኩም ነበር። አባቴ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ዞረው ተቀምጠዋል፤ ምን ያህሉ እንደሚታያቸው አላውቅም።

«በቃልዎ ያውቁት የለ እንዴ? እዚሁ ይጨርሱት» አልኳቸው በመጨረሻ።

«በቃሌ ያለውንማ ሲጨልምብኝ እለዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም «የግራውን ገጽ አየሁት። የቀኙን አላየሁትም» አሉኝ።

«ነገ ጠዋት መልሼ እወስድዎታለሁ።»

ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ተዪው ልጄ። ደግሞ በእኔ ታፍሪያለሽ።»