ያን ዓመት ያልሰገድኩት ስግደት

ካዛንቺስ ኤሮቢክስ ስሠራ እንደኔ የምትዘል ሴት አልነበረችም። ሳላጋንን ነው። አሠልጣኙ "በርቺ" ሲለኝ ይብስብኝ ነበር። ያቺው እኔ ያን ዓመት ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ለመውረድ እንኳ የባሌን ክንድ እይዛለሁ። ፈሪ ሆንኩ፣ በቃ።

ከማግባቴ በፊት በምርመራ የማህፀኔ በር ላይ ጤነኛ ያልሆነ ነገር ተገኝቶ፣ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ወጥቶልኛል። ዳንኩ ብዬ ረሳሁት። ከዚያ አገባሁ፣ አረገዝኩ፣ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። በአምስተኛው ወር ያ የተቆረጠው በር ሳስቶ ኖሮ፣ ምንም ሳያመኝ ተከፈተና ልጄን አጣሁ። ሰፈሩ በሙሉ "እግዜር ሌላ ይስጥሽ" እያለ ሲጎርፍ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ስለዚህ ሁለተኛው ሲመጣ ከባሌና ከሐኪሜ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሐኪሟ የማህፀኔን በር እንደ ጤፍ ከረጢት አፍ በክር ቋጠረችውና፣ "ቀስ ብለሽ በእግርሽ መሄድ ትችያለሽ። መዝለል፣ መሮጥ፣ ከባድ ነገር ማንሳት ግን የለም" አለችኝ። እኔ ማስነጠስም ፈራሁ።

ከሁሉም የባሰው ግን አማቴ ነበሩ፤ አብረውን ነው የሚኖሩት። ሳታገባ ማህፀኗ ተነክቶ ነበር ማለት ምን እንደሚያስወራ የአገሬ ሴት ታውቀዋለች። አስወርዳ ነው ይባላል። ስለዚህ የተቆረጠውንም የተቋጠረውንም ደበቅኳቸው።

ስቅለት ደረሰ። ነፍሰ ጡር እንደማትሰግድ ሁሉም ያውቃል። ጭንቄም እሱ ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲሰግድ እኔ ብቻዬን ከቆምኩ፣ አርግዣለሁ ብዬ በማይክ መናገሬ ነው። "አሞኛል ብዬ ልቅር?" አልኩት ባሌን። "እናቴ ሐኪም ቤት ካልሄደች ብላ ታስቸግራለች" አለኝ። ቀጠለና፣ "ማለቴ፣ ትንሽ ጎንበስ ብለሽ ብትነሺስ?"

"አንተ ምን አለብህ፣ ክሩ ያለው እኔ ጋ ነው!" አልኩት። ግን ሄድኩ።

የኡራኤል ግቢ ነጠላ በነጠላ ሆኗል። ኪርያላይሶን ሲባል ሕዝቡ አንድ ላይ ወደቀ፤ እኔም ወደቅኩ። ስነሳ ከእምብርቴ በታች የሆነ ነገር ሳብ አደረገኝ። ደግሜ ወደቅኩ። አሁን ስነሳ እግሮቼ መሃል እርጥበት የተሰማኝ መሰለኝ። ላብ ይሁን፣ ውኃ ይሁን፣ ደም ይሁን በምን ልወቅ? በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ምን ገልጬ ልይ? ያኛውም እንዲሁ ሳያመኝ ነው የሄደው። እመቤቴ ድረሺልኝ አልኩ። ቀጣዩ ሲመጣ አልወደቅኩም፤ ተገትሬ ቀረሁ።

አማቴ ከተደፉበት ቀና ብለው ከሆዴ እስከ ፊቴ አዩኝ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አነጠፉ።

"ተቀመጪ።"

"ደክሞኝ ነው እማማ።"

"ዝም በይ! ልጄ በዕድሜው ጀሪካን አንስቶ አያውቅም፤ ይኸው ከጥምቀት ወዲህ የቤቱ ውኃ ቀጂ ሆኗል። ዕውር መሰልኩሽ? ተቀመጪ፣ ያንቺን እኔ እሰግደዋለሁ።"

ሪህ ጉልበታቸውን የሚያሰቃያቸው ሴት ናቸው። ሰው አንዴ ሲሰግድ እሳቸው ሁለቴ፣ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለኔ፣ እያቃሰቱ። እኔ ጋቢው ላይ ጭኖቼን ገጥሜ አለቅሳለሁ። ቀሚሴን ከሥሬ ነካ አድርጌ ጣቶቼን አየሁ። ደም የለም። አላመንኩም።

በማግስቱ፣ ቀዳም ስዑር ጠዋት፣ ሐኪሟ ጋ ስሄድ አማቴ ቄጠማቸውን ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ ተከተሉኝ። ውጭ ይጠብቁኝ ብላቸው የሚሰሙኝ መሰላችሁ? ሐኪሟ አልትራሳውንዱ ላይ አፍጥጣ ብዙ ቆየች።

"ክሩ ይዟል" አለች በመጨረሻ። "ፅንሱም ደህና ነው።"

"የምን ክር?" አሉ አማቴ።

ነገርኳቸው። መቆረጡንም፣ ለምን እንደተቆረጠም፣ መቋጠሩንም።

"ይኼን ይዘሽ ነው ትናንት የሰገድሽው?"

"ምን ይሉኛል ብዬ ነው።"

"እኔን ፈርተሽ?"

"እርስዎን ፈርቼ።"

ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል አማቴ ትከሻዬን ይዘው መለሱኝና፣ በዚያ ባበጠ ጉልበታቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው አሰሩልኝ። እንዳይፈታ ብለው ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። እስከ ክረምቱ መጨረሻ ጠዋት ጠዋት ከመነሳቴ በፊት አንሶላዬን በእጄ እዳብስ ነበር። ልጅቷ ክሩ ተፈቶላት መስከረም ላይ ጊዜዋን ጠብቃ መጣች።

በዓመቱ ስቅለት እዚያው ግቢ አዝያት ቆምኩ። አማቴ ከጀርባዬ አውርደው ወሰዷትና ጋቢያቸው ላይ ቁጭ አሉ።

"በይ" አሉኝ፣ "እኔ ጉልበቴን አምና ጨርሼዋለሁ። ዘንድሮ ያንቺንም የኔንም ስገጂ።"