ቆሮሶ ነው ብዬ ማልኩ

ከቆቃ እስከ ዝዋይ ባለው ውኃ ሁሉ እንደኔ ያለ ዓሣ አጥማጅ አልተፈጠረም። አዳማ ባለው ጎሚስታ ቤቴ ደጃፍ፣ ጎማ እየለጠፍኩ፣ ለቆመ ሾፌር ሁሉ ይህን ለሃያ ዓመት ተናግሬአለሁ። አሁን የምነግራችሁን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ የአማቴም ነፍስ አባት እሳቸው ስለነበሩ ዓይናቸውን እያየሁ ማውጣት አቃተኝ። እንግዲህ እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ።

አማቴ እማማ ዘነበች ጥር ላይ ታመሙ። ሆዳቸው እህል አልቀበል አለ፣ ሐኪም ሥጋ ከለከላቸው። በመጨረሻ ዓሣ አማራቸው፤ ያውም ቅርፊታሙ ቆሮሶ። ገበያ ሞልቷል አትበሉኝ። የገበያ ዓሣ እቤታቸው አይገባም። "ፊሌቶውን ከአምባዛ ጋር ቀላቅለው ይሸጡታል" ይላሉ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ልሙጥ ነው። ብዙ ሰው አጣጥሞ ይበላዋል፤ እማማ ዘነበች ግን ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም ተብለው ያደጉ ሰው ናቸው፣ ሰባ ዓመት ሙሉ በአፋቸው አልዞረም። ስለዚህ "ከቤተሰብ እጅ ካልመጣ ይቅርብኝ" አሉ።

ማን ዘሎ ገባ? እኔ ነኛ! "እማማ፣ ነገ ጠዋት ቆሮሶው መጥበሻው ላይ ካልዘለለ ስሜን ቀይሩት" አልኩ። ሚስቴ አየችኝ። አስተያየቷን አውቀዋለሁ፤ "እባክህ በእናቴ እንኳ አትቀልድ" ማለት ነው። 

ማታውኑ ሞተሬን አስነስቼ ቆቃ ወረድኩ። እዚያ ቶሎሳ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ወዳጅ አለኝ። ዳር ላይ እሳት እየሞቀ አገኘሁት።

"ኦቦ፣ በዚህ ብርድ ምን እግር ጣለህ?"

"ለአማቴ ቆሮሶ ላጠምድ።"

እሳቱ ውስጥ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። "ቆሮሶ እኮ እንዳንተ ሌሊት አይዞርም። በዚህ ሰዓት መንጠቆ የሚጎርሰው አምባዛ ነው!"

የሃያ ዓመት አጥማጅ ይህን የተማርኩት ያን ሌሊት ነው።

ቢሆንም መንጠቆዬን ወረወርኩ። ብርዱን እንዴት ልንገራችሁ? ምራቄ መሬት ሳይደርስ ጠጠር ይሆን ነበር ብል አታምኑኝም፤ ልክ ናችሁ። ጣቶቼ ግን የኔ አልመስል ብለውኝ ነበር። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ቦታ ቀየርኩ፣ መልሼ ቀየርኩ። ጨለማው ውስጥ ጉማሬ በተነፈሰ ቁጥር ወደ ሞተሬ ሮጥኩ። ደሞ ተመለስኩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመንጠቆዬ ሲባጎ ተወጠረ። ጎተትኩ፣ ጎተትኩ፤ እኔን የሚያህል ዓሣ ወጣ። እሺ፣ ክንዴን የሚያህል። ጢም ነበረው። አምባዛ።

ቶሎሳ ጋቢውን ጣል አደረገልኝ። "ግባና ጎጆዬ ተኛ። ሲነጋ መረቤን ሳወጣ ቆሮሶ አይጠፋም፣ ከዚያ ትወስዳለህ።"

እስኪነጋ አራት ሰዓት ቀርቶ ነበር። ከኔ የሚጠበቀው በሰው ጋቢ ተጠቅልሎ አራት ሰዓት መተኛት ብቻ ነበር። አልቻልኩም። አልቻልኩም ስል ልዋሻችሁ ነው፤ አልፈለግኩም። አልጋዬ ናፈቀኝ። ደግሞስ ቶሎሳ ያጠመደውን ዓሣ ይዤ "እኔ አመጣሁት" ማለት ክብሬን ነካኝ። አያችሁልኝ? በሰው ቆሮሶ ለመዋሸት ያፈርኩ ሰውዬ፣ በራሴ አምባዛ ለመዋሸት አላፈርኩም።

ቢላ አወጣሁና ቆዳውን መግፈፍ ጀመርኩ። ቶሎሳ መብራቱን ያዘልኝ።

"ለማን ነው?"

"ለራሴ።"

"ለሴትዮዋ እንዳይሆን። እኔ እበላዋለሁ፣ ልጆቼም ይበሉታል። የማይበላን ሰው ሳያውቅ ማብላት ግን ግፍ ነው።"

"ምን ዓይነት ሰው አድርገህ ነው የምታየኝ?" ብዬ ተቆጣሁ። ተቆጣሁ እኮ! እጄ ላይ ያለው ቢላ እየቆረጠ፣ አፌ ስለ ክብሬ ይከራከራል። በዚያው ቢላው ሳተና አውራ ጣቴን ሸረከተኝ።

ሳይነጋ አዳማ ገባሁ። ቆዳ የለው፣ ራስ የለው፣ ነጭ ሥጋ ብቻ። ሚስቴ ጠበሰችው። እማማ ዘነበች ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ሳህኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"ልጄ፣ ቆሮሶ ነው አይደል?"

እስኪ ፍረዱኝ፤ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ አለ? አይደለም ብል ምን እሆን ነበር? ሚስቴ ትስቅብኝ ነበር፣ እሳቸውም አንድ ቀን በሾርባ ይውሉ ነበር። እኔ ግን "ሚካኤልን!" አልኩ። ማንም ማል ሳይለኝ ማልኩ። ምለህ ዝም አትል፣ "ቅርፊቱን ስገፍፍ እሾሁ ወጋኝ" ብዬ የተሸረከተ ጣቴን አሳየሁ።

ጣቴን ስበው ሳሙት።

በሉ። ጠርገው በሉ። ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳቸው። "ታዲያ ከተስማማቸው ምን አለበት?" የሚል ይኖራል። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ግን የበሉት የኔን ቃል አምነው ነው። ከገበያ ሸሽተው ወደ እኔ ነው የመጡት። የፈሩትን ነገር በእጄ ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ፤ ነጋዴ አይደለም፣ እኔ።

በሳምንቱ ሕሊናዬ ቢወቅሰኝ ከቶሎሳ እውነተኛ ቆሮሶ ወሰድኩላቸው፣ ቅርፊቱ እንዳለ። ቀምሰው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እንደ ፊተኛው አልጣፈጠኝም።" ውጭ ወጥቼ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሊት ሌሊት ስገላበጥ የምሰማው ያችኑ ቃላቸውን ነው። ሚስቴ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ "ወገቤን" እላታለሁ።

የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ደከሙ። ቤተሰቡን አንድ በአንድ እየጠሩ ይቅርታ መጠየቅ ያዙ። እኔን ሲያስጠሩ ያወቁ መሰለኝ። ምነው ባወቁ!

"ልጄን ስታገባት" አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ "'ይህ ሰው ውሸታም ነው፣ ይቅርብሽ' ብያት ነበር። ላንተ ሳልነግር ስንት ዓመት አማሁህ። ያን ሌሊት ስለኔ በብርድ ተንገላተህ ስታመጣልኝ አፈርኩ። ይቅር በለኝ።"

"አምባዛ ነበር" ሁለት ቃል ነው። አፌ ውስጥ ደርሶ ነበር። ያመማቸውን ሰው አላስደነግጥም ብዬ ነው ብላችሁ እንዳትደግፉኝ፤ ያኔ ስለ እሳቸው አላሰብኩም። "ይቅር ብያለሁ፣ እማማ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልዎ" አልኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ግንባራቸውን ስሜ ወጣሁ።

ግቢ ውስጥ የሚስቴ ወንድሞች ቆመው ነበር። እናታቸው ምን እንዳሉኝ አንድም ቃል ሳላስቀር፣ ደረቴን ነፍቼ ነገርኳቸው። በሳምንቱ ሲያርፉም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ደግሜ አወራሁት፤ ሁለት ጊዜ።